«መራራ እንባዎች»፤ ለቅሶና ክስ በአንድ ሸክላ ላይ

ስለ ሌላው ሕዝብ በደል መዝፈን ለኪነ ጥበብ ሰው ከባድ ፈተና ነው። የራሱን ቁስል የሚያዜም ዘፋኝ ቢያንስ ሕመሙ ከየት እንደሚነሣ ያውቃል። የሌላውን ቁስል የሚያዜም ግን ሁለት ጉድጓዶች ከፊቱ ተቆፍረው ይጠብቁታል። አንደኛው፣ የበደሉን መንሥኤ ሳይመረምሩ በሐዘኔታ ብቻ ማለፍ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ በሕይወት ያለውን ሕዝብ እንደ ሞተ ቆጥሮ ሙሾ ማውረድ ነው። አሜሪካዊው የካንትሪ ሙዚቃ ዘፋኝ ጆኒ ካሽ በ1964 ያሳተመው «መራራ እንባዎች» የተሰኘ የስቱዲዮ አልበም፣ በምርጥ ዘፈኖቹ ሁለቱንም ጉድጓዶች የተሻገረ፣ በደካማዎቹ ደግሞ በሁለቱም የወደቀ ሥራ ነው። ስለዚህም ከተሠራ ከስድሳ ዓመት በኋላ እንኳ ለሐያሲውም፣ ለመምህሩም፣ ለዘፈን ደራሲውም ትምህርት የሚሰጥ ሆኖ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አልበሙ በኦክቶበር 1964 በኮሎምቢያ የሸክላ ኩባንያ አማካይነት ለአድማጭ ቀረበ። በጠቅላላው ስምንት ዘፈኖችን ይዟል፤ ርዝመቱም ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ስምንቱም ዘፈኖች የሚናገሩት በተለምዶ «ቀይ ሕንዶች» ሲባሉ ስለኖሩት ስለ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ነው። በዚያን ጊዜ አንድ የካንትሪ ዘፋኝ ሙሉ አልበም ለአንድ ኅብረተሰባዊ ርእሰ ጉዳይ መስጠቱ፣ ያውም ለዚህ ርእሰ ጉዳይ፣ እጅግ ያልተለመደ ነበር።

ዘፋኙ፣ ደራሲውና አድማጩ

የካንትሪ ሙዚቃ በደቡባዊ አሜሪካ ገጠሮች የበቀለ የሙዚቃ ስልት ነው። ከብሪታንያ ደሴቶች የፈለሱ ሰፋሪዎች ይዘውት የመጡት ታሪክ ነጋሪ ዘፈን፣ የቤተ ክርስቲያን መዝሙርና የጥቁሮች ብሉዝ ተዋሕደው ወልደውታል። የስልቱ መለያ ከሆኑት መሣሪያዎች አንዱ የሆነው ባንጆ እንኳ ሥረ መሠረቱ አፍሪካዊ ነው። ርእሰ ጉዳዮቹ በአብዛኛው ፍቅር፣ መጠጥ፣ ባቡር፣ እስር ቤት፣ የእናት ናፍቆትና ሃይማኖት ናቸው። አድማጩም በአብዛኛው ነጭ ገበሬና ወዝአደር ነበር። እንግዲህ ለዚህ አድማጭ፣ አያቶቹ የሰፈሩበት መሬት ቀድሞ የማን እንደነበረ የሚጠይቅ ሸክላ ማቅረብ ቀላል ድፍረት አልነበረም።

ጆኒ ካሽ ራሱ ከዚሁ አድማጭ መካከል የወጣ ሰው ነው። በ1932 በአርካንሶ ግዛት ከአንድ ድሃ ገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በ1935 ቤተሰቡ ዳይስ በተባለ የመንግሥት የሰፈራ ጣቢያ 20 ኤከር መሬት ተሰጥቶት ጥጥ ማልማት ጀመረ። በ1937 ታላቅ ጎርፍ ደርሶ ቤተሰቡን ለጊዜው ከመንደሩ አፈናቀለው። ስለዚህ ካሽ ውሃ ሲበዛም ሲጎድልም የገበሬን ኑሮ ምን እንደሚያደርገው ከልጅነቱ ያውቃል። ሆኖም ዳይስ የተከፈተው ለነጭ ገበሬዎች ብቻ እንደነበረ መዘንጋት አይገባም። መንግሥት መሬት የሰጠው ገበሬ ልጅ፣ መንግሥት መሬት ስለነጠቀው ገበሬ ለመዝፈን መነሣቱ ነው አልበሙን ከመነሻው ውጥረት የሚሰጠው።

ካሽ ከስምንቱ ዘፈኖች ሁለቱን ብቻ ደርሷል። አምስቱ የፒተር ላ ፋርጅ ድርሰቶች ሲሆኑ፣ የመጨረሻው በዘፋኙ በጆኒ ሆርተን ስም የተመዘገበ ነው። ላ ፋርጅ በኒውዮርክ የባህላዊ ዘፈን ክበቦች ይዘፍን የነበረ ደራሲ ሲሆን፣ አባቱ ኦሊቨር ላ ፋርጅ በ1930 የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘ ልቦለድ ጸሐፊና የነባር ሕዝቦችን ባህል ያጠና ምሁር ነበር። ላ ፋርጅ አልበሙ በወጣ በዓመቱ፣ በ1965፣ ገና በወጣትነቱ ሞተ። ዛሬ ስሙ የሚታወሰው ይበልጡን ካሽ ባዜመለት ቃል ነው።

የተነጠቀ ውሃ

የአልበሙ አስኳል «የአይራ ሄይስ ባላድ» ነው። ባላድ ማለት ከአንድ ሰው ወይም ከአንድ ድርጊት ተነሥቶ ታሪክን በቅደም ተከተል የሚተርክ ዘፈን ሲሆን፣ በዚህኛው የሚተረከው ሰው በእርግጥ የኖረ ነው። አይራ ሄይስ በ1923 በአሪዞና ግዛት፣ በሂላ ወንዝ በተከለለው የፒማ ሕዝብ መሬት ላይ፣ ሳካቶን በተባለች መንደር ተወለደ። በ1942 የማሪን ጦር አባል ሆነ። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1945 በጃፓን ደሴት በኢዎ ጂማ፣ በሱሪባቺ ተራራ ጫፍ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ከተከሉት ስድስት ወታደሮች አንዱ እርሱ ነበር። ጋዜጠኛው ጆ ሮዘንታል በዚያች ቅጽበት ያነሣው ፎቶግራፍ በዓለም ዙሪያ ታየ። ከስድስቱ ሦስቱ እዚያው ደሴት ላይ ወደቁ። ሄይስ ግን ወደ አገሩ ተመልሶ በየአደባባዩ ተጨበጨበለት፤ ጭብጨባው ሲያበቃም ወደ ደረቀ መሬቱ ተመለሰ። ጃንዋሪ 24 ቀን 1955፣ ገና በ32 ዓመቱ፣ በቀዝቃዛ ሌሊት ሜዳ ላይ ሞቶ ተገኘ። የሞቱ ምክንያት ብርድና አልኮል እንደሆነ ተመዘገበ።

ይህን ታሪክ የሰማ ተራ ዘፈን ደራሲ ከተራራው ይጀምር ነበር። ላ ፋርጅ ግን የጀመረው ከውሃው ነው። ገና ሰንደቅ ዓላማው ሳይነሣ፣ ገና ጦርነቱ ሳይጠቀስ፣ አድማጩ የፒማ ገበሬዎች ውሃ በነጭ ሰፋሪዎች እንደተወሰደ ይሰማል። ይህም ከታሪክ ጋር የሚስማማ ነው። ፒማዎች ከሂላ ወንዝ ቦይ ቀድደው ለዘመናት በመስኖ ያረሱ ሕዝቦች ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለመንገደኞችና ለጦር ሠራዊት ስንዴ ይሸጡ ነበር። ከ1860ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን ከወንዙ ራስጌ የሰፈሩ ነጮች ውሃውን ወደ ራሳቸው እርሻ ጠለፉት፤ ስንዴ ይሸጥ የነበረ ሕዝብም ለረኃብ ተዳረገ። ዘፈኑ ይህን በጥቂት መስመሮች ካስቀመጠ በኋላ ሄይስን ወደ ጦር ሜዳ ይሸኘዋል፤ ሲመልሰውም ውሃ ወዳጣው ያንኑ ማሳ ያሳየዋል። በመጨረሻም ሰውዬውን በቦይ ውስጥ በቀረች ጥልቀት በሌላት ውሃ ላይ ወድቆ ይገድለዋል።

ከታሪኩ መዝገብ ጋር ሲተያይ፣ ሄይስ የተገኘው በአንዲት የጭቃ ጎጆ አጠገብ ነው። ደራሲው ቦዩን የመረጠው ለጥበቡ ሲል ነው፤ ምርጫውም የዘፈኑን ሐሳብ ከዳር ያደርሳል። በመጀመሪያው ስንኝ የተነጠቀው ውሃ በመጨረሻው ስንኝ ለባለቤቱ ሲመለስ፣ የሚመለሰው ለማጠጫ ሳይሆን ለመሞቻ ያህል ብቻ ነው። እንዲህ ያለው አገነባብ የሞቱን መንሥኤ ከጠርሙሱ አንሥቶ ወደ ወንዙ ራስጌ ይወስደዋል። የዘፈኑ አዝማች ሄይስን ሰዎች በሰካራምነቱ በሚጠሩበት ስም ይጠራዋል። መጀመሪያ ሲሰማ ስሙ ነቀፋ ይመስላል። በተደጋገመ ቁጥር ግን ነቀፋው ከተጠራው ወደ ጠሪው ይዞራል፤ መጨረሻ ላይም የሚያፍረው አድማጩ ነው። አዝማች ሳይለወጥ ትርጉሙ እንዲለወጥ ማድረግ ከፍተኛ የድርሰት ብቃት ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ ቢሆንም ባላዱ አንድ ትልቅ ነገር ትቷል። በፎቶግራፉ ላይ ካሉት ወታደሮች አንዱ በስሕተት የሌላ ሰው ስም ተሰጥቶት ነበር፤ እውነተኛው ሰው በኢዎ ጂማ የወደቀው ሃርለን ብሎክ መሆኑን ሄይስ ያውቃል። በ1946 ከአሪዞና እስከ ደቡባዊ ቴክሳስ በእግሩና በመንገደኛ መኪና ተጉዞ እውነቱን ለብሎክ አባት ነገራቸው። በ1947 መዝገቡ ተስተካከለ። እንግዲህ ይህ ሰው ዝና የጎዳው ምስኪን ብቻ አልነበረም፤ የሞተ ጓደኛውን ስም ለማስመለስ አገር ያቋረጠ የእውነት ሰው ነበር። ባላዱ ይህን ቢጨምር ኖሮ የሄይስ ሞት ይበልጥ ያስቆጭ ነበር። የተበደለን ሰው በተደረገበት ብቻ መሳልና ያደረገውን መተው የአልበሙ ሁሉ ድክመት መሆኑ ወደፊት ይታያል።

የተሰበረ ውል

ሸክላው የሚከፈትበት «ሣር እስከበቀለ ድረስ» የተሰኘው ዘፈን ሌላው የአልበሙ ምሰሶ ነው። ርዝመቱ ስድስት ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ የሚናገረውም ስለ አንድ ውልና ስለ አንድ ግድብ ነው። በ1794 የጆርጅ ዋሽንግተን መንግሥት ከሴኔካዎችና ከተባባሪዎቻቸው ጋር በካናንዳይጓ ውል ተፈራረመ። የውሉ ሦስተኛ አንቀጽ የሴኔካ መሬት የሴኔካዎች መሆኑንና ዩናይትድ ስቴትስ መሬቱን ከቶ እንደማትጠይቅ ያረጋግጣል። ይሁን እንጂ በአሌጌኒ ወንዝ ላይ የኪንዙዋ ግድብ እንዲሠራ ተወሰነ። ሴኔካዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም። ፍርድ ቤት ሄዱ፤ አርተር ሞርጋን የተባሉትን ታዋቂ መሐንዲስ ቀጥረው ውሃው በሌላ በኩል ሊጠለፍ የሚችልበትን ንድፍ አስጠኑ። በ1961 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሥራው እንደማይቆም አስታወቁ። ግድቡ በ1965 ተጠናቀቀ፤ 10,000 ኤከር ያህል የሴኔካ መሬት በውሃ ተዋጠ፤ 600 ያህል ሰዎችም ተፈናቀሉ። የጥንቱ መሪ የኮርንፕላንተር መቃብር እንኳ ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ።

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ካሽ ይህን ዘፈን ሲቀርጽ ግድቡ ገና በመሠራት ላይ እንደነበረ ነው። ስለዚህ ዘፈኑ በሩቅ ዘመን ግፍ ላይ የሚያለቅስ አይደለም፤ በዕለቱ ጉዳይ ላይ የሚመሰክር ነው። የፕሬዚዳንቶችን ስም ከዋሽንግተን እስከ ኬኔዲ ይጠራል፤ ውሉን ማን እንደፈረመ፣ ማን እንዳፈረሰው ይቆጥራል። ለሞተው መሪም ስለሚመጣው ውሃ የምፀት ጥያቄ ያቀርባል። ካሽ ይህን ሁሉ ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም። ሰነድ እንደሚያነብ ጸሐፊ ረጋ ብሎ ይቀጥላል፤ አድማጩን የሚያስቆጣውም ይኸው መረጋጋቱ ነው። በዚያው ውል መሠረት ዩናይትድ ስቴትስ እስከ ዛሬ ድረስ በየዓመቱ ጨርቅ ለሕዝቦቹ ትልካለች። መሬቱን ያሰጠመ መንግሥት ጨርቁን አለማቋረጡ፣ የዘፈኑን ምፀት ታሪክ ራሱ እየደገመው እንደሚኖር ያሳያል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንዲሉ፣ ሴኔካዎች ያንን ጨርቅ የሚቀበሉት ውሉ ሕያው መሆኑን ለማስታወስ ጭምር ነው።

ሽሙጥና ፊደል

«ከስተር» የተሰኘው አጭር ዘፈን ከሁለቱ ፍጹም የተለየ መንፈስ አለው። ጆርጅ ከስተር በአሜሪካ የትምህርት ቤት መጻሕፍትና በፊልም ለረጅም ጊዜ እንደ ጀግና ሲወደስ የኖረ የፈረሰኛ ጦር አዛዥ ነው። በ1868 በዋሺታ ወንዝ ዳር ተኝቶ የነበረ የሻይን መንደር ላይ አደጋ የጣለው እርሱ ነበር። ጁን 25 ቀን 1876 በሊትል ቢግሆርን ወንዝ አጠገብ የላኮታ፣ የሻይንና የአራፓሆ ተዋጊዎች ድል ነሡት፤ ከእርሱ ጦርም ከ260 በላይ ሰዎች አለቁ። ዘፈኑ ይህን ጀግና እያወደሰ የሚሄድ መስሎ በየስንኙ ያወርደዋል። የአገራችን አድማጭ ፉከራን ገልብጦ ፎካሪውን ራሱን መሳቂያ የሚያደርግ አዝማሪ ቢያስብ ለዘፈኑ ስልት ይቀርባል። ካሽ ቃሉን ከማዜም ይልቅ እየተናገረ፣ በሣቅ አፋፍ ላይ ቆሞ ያቀርበዋል። እዚህ ላይ ነባሮቹ ሕዝቦች የሚለቀስላቸው ሳይሆኑ ድል ያደረጉ ናቸው፤ በአልበሙ ውስጥ እንዲህ ሆነው የሚታዩበት ስፍራ ግን ከዚህ ሌላ እምብዛም አይገኝም።

ካሽ ራሱ የደረሰው «ተናጋሪ ቅጠሎች» ስለ ቸሮኪው ሴኮያ ይናገራል። ሴኮያ በማንኛውም ቋንቋ ማንበብና መጻፍ የማይችል አንጥረኛ ነበር። ነጮች በወረቀት ላይ ምልክት እየጻፉ ከሩቅ እንደሚነጋገሩ አይቶ ለራሱ ቋንቋ ፊደል ለመሥራት ለዓመታት ደከመ፤ በ1821ም 85 ያህል ምልክቶች ያሉትን ሥርዓት አጠናቀቀ። እያንዳንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ቀለም ይወክላል። ሀ ሁ ሂ ብሎ ፊደል ቆጥሮ ላደገ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም፤ ተናባቢና አናባቢ በአንድ ፊደል ተዋሕደው የሚጻፉበት የግእዝ ፊደልም በዚህ ረገድ የሚቀራረብ ባሕርይ አለውና። በ1828 ቸሮኪዎች በዚሁ ፊደል ጋዜጣ ማሳተም ጀመሩ።

ርእሰ ጉዳዩ በአልበሙ ውስጥ ካሉት ሁሉ የላቀ ነው፤ አንድ ሰው ለሕዝቡ ያደረገውን እንጂ በሕዝቡ ላይ የተደረገውን አይተርክምና። አፈጻጸሙ ግን ከርእሰ ጉዳዩ ያንሳል። ዘፈኑ በዝግታ የሚነገር ተረት ሆኖ በፈጠራው አድናቆት ላይ ያበቃል። ፊደል የነበራቸው፣ ጋዜጣ የነበራቸው፣ በ1832 በጠቅላይ ፍርድ ቤት መብታቸው የታወቀላቸው ቸሮኪዎች በ1838 ከአገራቸው በጦር ኃይል ተባረው በጉዞ ላይ 4,000 ያህሉ እንዳለቁ ይታወቃል። ይህ ተከታይ ታሪክ ከፈጠራው ጋር ቢቆራኝ ኖሮ፣ «ተናጋሪ ቅጠሎች» ከመክፈቻው ዘፈን ጋር ጥንድ ሆኖ በቆመ ነበር፤ በአንዱ የተጻፈ ቃል ሲሰበር፣ በሌላው ቃል መጻፍ የተማረ ሕዝብ ሲሰደድ ይታይ ነበርና።

የድምፅና የሙዚቃ አያያዝ

ካሽ በዝና የታወቀው እንደ ጭነት ባቡር በሚንቀጠቀጠው የጊታር ምት ነው። በዚህ አልበም ውስጥ ያ ምት በአብዛኛው ተገትቷል። ጥቂት ጊታር፣ ቤዝና ከበሮ ከድምፁ ኋላ ቀርተው ይጓዛሉ፤ የካርተር ቤተሰብ ድምፆችም አልፎ አልፎ ከአዝማቹ ጋር ይገባሉ። ሙዚቃው ለቃሉ መንገድ ይለቃል። ይህ አመራረጥ ለታሪክ ነጋሪ ዘፈን ተገቢ ነው፤ በማሲንቆ የሚጫወት አዝማሪም ቃሉ እንዲሰማለት ሲፈልግ ክሩን ያለዝባል እንጂ አያጮኸውም። የካሽ ዝቅ ያለ፣ አንዳንዴም የሚሻክር ድምፅ ለምስክርነት የተፈጠረ ነው፤ አያባብልም፤ አይለማመጥም።

ጉድለቱ የሚታየው ሙዚቃው ራሱ «ሕንዳዊ» ለመምሰል በሚሞክርበት ስፍራ ነው። በአንዳንዶቹ ዘፈኖች የሚሰማው ወጥ የከበሮ ድለቃና ትርጉም የለሽ እንጉርጉሮ የማንኛውንም ሕዝብ ዜማ አይወክልም። ከሆሊውድ የካውቦይ ፊልሞች የተወረሰ ማጀቢያ ይመስላል። ፒማው፣ ሴኔካው፣ አፓቼውና ቸሮኪው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቋንቋና ዜማ ያላቸው ሆነው ሳለ፣ በአንድ ከበሮ ሲጠቀለሉ በቃሉ የተለዩት በሙዚቃው ይደባለቃሉ።

እንባው የሚያስትበት ስፍራ

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። የካሽ ሐዘን ከአንጀት መሆኑ አያጠራጥርም። ጥያቄው እንባው ለማንና በምን ላይ እንደሚፈስ ነው። «የአፓቼ እንባ» በአሪዞና የሚገኙ ጥቁር የባልጩት ጠጠሮች የሐዘንተኞች እንባ ናቸው በሚል አፈ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። ምስሉ ውብ ነው፤ ገዳዩ ግን ጥላ ብቻ ነው። «ነጭ ልጃገረድ» እንደ ጌጥ ይዛው ዞራ ጋብቻ ሲጠይቃት የምትገፋውን ሴት የሚያማርር ሰው ብሶት ሲሆን፣ ንቀትን በቤት ውስጥ ሳይቀር ማሳየቱ ቢያስመሰግነውም የግል ቅሬታ ሆኖ ይቀራል። «ከበሮዎች» ከእነዚህ ይሻላል። ሕፃናት ከወላጆቻቸው ተነጥቀው ቋንቋቸውን እንዲረሱ ስለሚደረግባቸው የመንግሥት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ይናገራል፤ ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች ዝነኛው በ1879 በካርላይል የተከፈተው ነበር።

የመዝጊያው ዘፈን ግን አልበሙ የገነባውን ያፈርሳል። ርእሱ «በመጥፋት ላይ ያለ ዘር» የሚል ነው። ይህ ሐረግ በአሜሪካ ረጅም ታሪክ አለው፤ ፎቶግራፍ አንሺው ኤድዋርድ ከርቲስ በ1904 ፈረሰኞች ወደ ጨለማ ሲገቡ የሚያሳየውን ዝነኛ ፎቶግራፉን በዚሁ ስም ጠርቶታል። ሐረጉ ሐዘን ይመስላል፤ በተግባር ግን ለነጣቂው ምቹ ነበር። የሚጠፋ ሕዝብ መሬት አያስፈልገውምና። በ1887 በወጣው የመሬት ሽንሸና ሕግ ሳቢያ የነባር ሕዝቦች ይዞታ ከ138 ሚሊዮን ኤከር በ1934 ወደ 48 ሚሊዮን ኤከር የወረደው፣ ስለ «መጥፋታቸው» እየተለቀሰ ባለበት ዘመን ነው። ሐቁ ደግሞ ሌላ ነበር። በ1900 የሕዝብ ቆጠራ 237,000 ያህል የነበሩት ነባር ሕዝቦች፣ አልበሙ ከመውጣቱ ከአራት ዓመት በፊት በተካሄደው ቆጠራ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። በ2020 ቆጠራ ደግሞ ራሳቸውን ከነዚህ ሕዝቦች የቆጠሩት፣ ከሌላ ዘር ጋር የተዋለዱትን ጨምሮ፣ 9.7 ሚሊዮን ደርሰዋል።

በአገራችን የለቅሶ ባህል ጥሩ አልቃሽ የሟቹን ስም፣ ሥራና ገዳይ ለይታ ትጠራለች፤ ሐዘንተኛው ከልቅሶው የሚነሣው ማን እንደሞተና በማን እንደሞተ ዐውቆ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ በሕይወት ላለ ሰው ሙሾ አይወርድም፤ እንደ እርግማን ይቆጠራልና። የካሽ አልበም በአይራ ሄይስና በሴኔካዎች ዘፈኖች የመጀመሪያውን ሕግ ጠብቋል፤ በመዝጊያው ሁለተኛውን ጥሷል።

ይህ መሰናከል ከየት መጣ? አንዱ ምንጭ ዘፋኙ ከሚዘፍንላቸው ሰዎች ጋር የነበረው ርቀት ነው። ካሽ በዚያን ጊዜ የቸሮኪ ደም እንዳለው ይናገር ነበር፤ ኋላ ግን እንደሌለው ራሱ ተናግሯል። የላ ፋርጅም የዘር ሐረግ አከራካሪ ነው። በመሠረቱ የሌላውን በደል ለመመስከር ዘመዱ መሆን አያስፈልግም፤ ማስረጃ ይዞ መቅረብ ይበቃል። ካሽ ሰነድ በያዘበት ዘፈን ዝምድና አላስፈለገውም፤ ሰነድ ባጣበት ግን ዝምድናው ሊያድነው አልቻለም። በ1969 ዳኮታዊው ዘፋኝ ፍሎይድ ሬድ ክሮው ዌስተርማን፣ ወገኑ ቫይን ዴሎሪያ በዚያው ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ የተሰየመ አልበም ይዞ ብቅ ሲል፣ ከካንትሪና ከባህላዊ ዘፈን በተቀመመ ስልት የራሱን ሕዝብ ነገር በራሱ አንደበት ተናገረ። በዚያ ድምፅ ውስጥ የሚጠፋ ዘር የለም፤ የሚቀልድ፣ የሚከስና የሚጠይቅ ሕዝብ እንጂ።

ሬዲዮ ጣቢያዎችና አድማጭ

«የአይራ ሄይስ ባላድ» ከአልበሙ ቀድሞ በነጠላ ሸክላ በወጣ ጊዜ ብዙ የካንትሪ ሬዲዮ ጣቢያዎች ሊያሰሙት አልፈለጉም። ረዘመ፤ ጉዳዩም ለመዝናኛ አይመችም ተባለ። ካሽ በኦገስት 22 ቀን 1964 «ቢልቦርድ» በተባለው የሙዚቃ ንግድ መጽሔት ላይ ሙሉ ገጽ በገንዘቡ ገዝቶ ለጣቢያ ኃላፊዎችና ለአሰሚዎች ግልጽ ደብዳቤ አወጣ፤ ወኔያቸው ወዴት እንደሄደ በቀጥታ ጠየቃቸው። ውጤቱ ለባህል ሥራ ኃላፊዎች ሁሉ ትምህርት የሚሆን ነው። ሸክላው በመጽሔቱ የካንትሪ ነጠላ ዘፈኖች ሠንጠረዥ ሦስተኛ፣ አልበሙም በካንትሪ አልበሞች ሠንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ። ሕዝቡ ይህን አይወድም ብለው በሕዝቡ ስም በር የዘጉ ሰዎች ሕዝቡን አላወቁትም ነበር። የአርካንሶና የቴክሳስ ገበሬ ውሃ ሲነጠቅ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ጊዜም ለአልበሙ የራሱን ፍርድ ሰጥቷል። በ2004 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ለሂላ ወንዝ ማኅበረሰብ በዓመት 653,500 ኤከር ጫማ፣ ማለት 806 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ አጸደቀ። የአይራ ሄይስ ወገኖች ከመቶ ዓመት በላይ ተሟግተው ባላዱ የጠየቀውን አገኙ። ኦክቶበር 25 ቀን 2024 ደግሞ፣ በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆ ባይደን በአዳሪ ትምህርት ቤቶች ስለ ተፈጸመው ግፍ ይቅርታ የጠየቁት በዚሁ በሂላ ወንዝ ማኅበረሰብ መሬት ላይ ቆመው ነው። «የአይራ ሄይስ ባላድ» እና «ከበሮዎች» የከሰሱባቸው ሁለት በደሎች በአንድ መሬት ላይ መልስ መጠበቅ ጀመሩ። መልሱ ሙሉ ነው ሊባል አይችልም፤ የተጠየቀው ሕዝብ ግን በስፍራው ነበረ። «በመጥፋት ላይ ያለ ዘር» የሚለው መዝጊያ በዚያ ዕለት ሐሰትነቱ በይፋ ታየ።

እንግዲህ በጠቅላላው ሲመዘን «መራራ እንባዎች» ያልተስተካከለ፣ ነገር ግን ታላቅ አልበም ነው። ታላቅነቱ ወንዙን በስሙ፣ ውሉን በዓመቱ፣ ሰውን በአባት ስሙ በጠራበት ላይ ነው። ድክመቱም ስም ጠፍቶ እንባ ብቻ በቀረበት ላይ ነው። መምህር በክፍል ውስጥ ሊያሰማው ቢወድ፣ የመክፈቻውንና የመዝጊያውን ዘፈን አከታትሎ ያሰማ፤ ተማሪዎቹ የትኛው ሕዝብን እንደሚያቆም፣ የትኛው እንደሚቀብር ራሳቸው ይለያሉ። የዘፈን ደራሲም ስለ ተበደለ ወገን ብዕር ሲያነሣ አስቀድሞ ይጠይቅ፦ ውሃውን የወሰደው ማን ነው? በየትኛው ወረቀት? ተበዳዩስ ከዚያ በኋላ ምን አደረገ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የመለሰ ዘፈን ሬዲዮ ቢዘጋበትም መንገድ አያጣም።